የአንባቢ ጥያቄ፦ አባይ በረሃ በአንድ ቀን ወርዶ መመለስ

እንዴት ሰነበታችሁ። ጥቅምት ገብቶ ዝናቡ ቆረጥ ሲል እኔ ጋ የሚመጣው ጥያቄም ይበዛል፣ የዚህ ወር ደሞ ግማሹ አንድ ቦታ ላይ ነው ያረፈው፣ አባይ በረሃ። ደጀን አፋፍ ላይ ፍየል እየጠበቅኩ ያደግኩ ሰው ስለሆንኩ ያው ሳላስረዝም አላልፍም፣ ቻሉኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ ነው ምንኖረው፣ ስድስት የስራ ባልደረቦች ነን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ካፌ መቀመጥ ሰለቸንና ሀይኪንግ እንጀምር ብለን ተስማማን። ሃሳባችን በጠዋት ደጀን ደርሰን፣ አንዱን ጅረት ተከትለን እስከ አባይ ወርደን፣ ማታ መመለስ ነው። ስልክ ላይ ሳየው ቅርብ ነው። ጅረት ስላለ ደሞ ብዙ ውሃ አንሸከምም ብለናል። ምን ይሉናል?

መልስ፦ ወንድምአለም፣ መጀመሪያ ያቺን "ስልክ ላይ ሳየው ቅርብ ነው" ያልካትን እንተዋት። ስልክህ ርቀቱን እንጂ ቁልቁለቱን አያሳይህም። ደጀን 2400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ድልድዩ ጋ አባይ የሚፈሰው 1000 ሜትር ምናምን ላይ ነው፣ ስለዚ ወደ 1400 ሜትር ወርደህ ያንኑ በዛው ቀን ልትወጣው ነው ማለት ነው፣ ያውም ደክሞህ፣ ውሃህ አልቆ፣ ጸሃይ አናትህ ላይ ሆና። ተራራ ስትወጣ መጀመሪያ ትለፋለህ፣ አልቻልኩም ካልክ ግማሽ ላይ ዞረህ እየተንከባለልክም ቢሆን ትወርዳለህ። በረሃ ግልባጩ ነው። ጠዋት ቁልቁለቱ እግርህን እየገፋ ያሞኝሃል፣ ጀግና የሆንክ ይመስልሃል፣ ከሰዓት በኋላ ነው ማን እንደሆንክ ምታውቀው።

ስለዚ እኔ ለጀማሪ ሁሌ ምለው፣ አባይን ራሱን ማየት ከፈለጋችሁ በመኪና ውረዱ፣ አስፋልቱ እስከ ድልድዩ ይወስዳችኋል። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው የህዳሴ ድልድይ፣ በጃፓን መንግስት እርዳታ የተሰራው 303 ሜትሩ፣ ከአሮጌው ድልድይ ጎን ነው ያለው፣ እዛ ቆማችሁ ሙቀቱን ቀምሳችሁ ተመለሱ። በእግር ደሞ ከአፋፉ 600 ቢበዛ 700 ሜትር ቁልቁል ወርዳችሁ ጅረቱ ጋ ድረሱና እዛው ሸለቆው ውስጥ ተራመዱ። ውበቱም ያለው እሱ ጋ ነው፣ ይሄን ሳላዳላ ነው ምላችሁ።

አወራረዱ ራሱ አንድ ትምህርት ነው። አፋፉ ላይ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ወይራና ቁልቋል አለ፣ ንፋሱ ጋቢ ያስፈልገዋል። ትንሽ ወረድ ስትል አሸዋ ድንጋይ ይመጣል፣ ከሱ በታች ነጩ የኖራ ድንጋይ፣ ከሱ በታች ደሞ ጀሶና ሸክላ መሳይ ልቅልቅ ያለ መሬት። እሱን ሸክላ ተጠንቀቁት፣ እርጥብ ሲሆን ሳሙና ነው። አስፋልቱ ተጠገነ ተባለ ብሎ ደሞ ወዲያው ሚሰነጠቀው መሬቱ ራሱ ስለሚንሸራተት ነው፣ ዝም ብለን ኮንትራክተሩን ብቻ እንሰድባለን። ሙቀቱም 1000 ሜትር በወረድክ ቁጥር በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ይጨምራል፣ ግራሩ ይመጣል፣ አባሎው ይመጣል፣ ዝቅ ሲል የእጣን ዛፍ ታያለህ፣ ቅርፊቱ እንደ ወረቀት ሚላጠው።  ጋቢህን አውልቀህ ሸሚዝህ ጀርባህ ላይ ሲጣበቅ ቆላ ገባህ ማለት ነው።

አሁን ወደ ውሃው። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሚባለው ተረት በረሃው ውስጥ ቃል በቃል ይደርስባችኋል። ጅረቱን አፍንጫችሁ ስር እያያችሁት፣ እየሰማችሁት፣ ገደሉ ስለማያስወርድ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳትነኩት ልትሄዱ ትችላላችሁ። ለአንድ ሰው 4 ሊትር ያዙ፣ ሁለት ትልቅ ሃይላንድ ማለት ነው፣ አንዱ ሃይላንድ ሙሉ ለሙሉ ለመውጫው ነው፣ መውረጃ ላይ የነካው ሰው የቡድኑን ሻንጣ ይሸከማል ብላችሁ ህግ አውጡ። እኛ እንደዛ ነው ምናደርገው፣ ይሰራል።

ወሩን ካነሳን ህዳርና ታህሳስን ሚያህል የለም። ውሃው ጎድሎ ጠርቷል፣ ሳሩ ገና አልነደደም። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ሙቀቱ ሰው ይጥላል። ከሰኔ እስከ መስከረም ጨርሶ እንዳትሞክሩት፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም።

ክርክር የሌለኝ ምክንያት ስላለኝ ነው። ጅረቱ ከየት ነው ሚመጣው? ሙጋ በለው፣ ሱሃ በለው፣ ጨሞጋ በለው፣ እነዚህ ሁሉ ከጮቄ ተራራ ነው ሚነሱት፣ ጮቄ ጫፉ ከ4000 ሜትር በላይ ነው። አንተ ቆላ ውስጥ ላብህን እየጠረግክ፣ አናትህ ላይ አንድ ደመና ሳይኖር፣ ደጋው ላይ ዶፍ ሊጥል ይችላል፣ ያ ውሃ ደሞ ሌላ መውጫ የለውም፣ አንተ በቆምክበት በዛች ጠባብ በር ነው ሚያልፈው። ደራሽ ይሉታል አገሬው። ስሙን ያወጣለት ሰው አንዴ ደርሶበት መሆን አለበት።

እኔም ደርሶብኛል። ከተማ ተምሬ የተመለስኩ ሰሞን ነው፣ ሚያዝያ መጨረሻ፣ አራት ሆነን ወርደን ጠባቡ ቦታ ላይ፣ ሁለቱ ገደል ተቀራርቦ ሰማዩ የመቀነት ስፋት ሚያህልበት ቦታ፣ እግራችንን ውሃ ውስጥ ነክረን በሶ እንበጠብጣለን። የመጀመሪያውን ኩባያ ስቀዳ ውሃው ጥርት ያለ ነበር፣ ስሩ ያለው ጠጠር ይቆጠራል። በሶዬን ጠጥቼ ኩባያውን ላለቀልቅ ሁለተኛ ስነክረው ውሃው ሻይ በወተት ሆኗል። ትኩር ብዬ አየሁት፣ የጤፍ ገለባ ተንሳፎ ያልፋል፣ አንድ ሁለት ሶስት፣ ከዛ የፍየል በጠጥ። አንዱ ጓደኛችን "ከላይ ከብት ገብቶበት ነው" አለና ሳቅን። ያን ጊዜ ከገደሉ ጫፍ አንድ እረኛ ልጅ በሁለት ጣቱ አፏጨና "ውጡ! ደራሽ! ውጡ!" አለ፣ ድምጹ እየተቆራረጠ። ሰማዩን አየን፣ ሰማያዊ ነው። ልጁ መቀለዱ ነው ያልንም አልጠፋን፣ እግዜር ይይለት ግን ድንጋይ መወርወር ጀመረ፣ እኛን እንዳይመታ አጠገባችን፣ በዛ ተናደንና ልንማታ ብለን ነው ወደ ላይ የወጣነው፣ እውነቴን ነው።

የሁለት ሶስት ሰው ቁመት ያህል እንደወጣን ድምጹ መጣ። ውሃ ውሃ አይልም። የተጫነ አይሱዙ በማርሽ ዳገት ሲወጣ ነው ሚመስለው። ከዛ ያ በሶ የበላንበት ድንጋይ የለም። ቡናማ ነገር፣ ፊቱ ላይ ቅጠልና አረፋ፣ መሃሉ ላይ ግንድ ከነስሩ እየተገለባበጠ። "አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል" ሲሉ ከልጅነቴ ሰምቻለሁ፣ ግንዱን ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። ገለባውን ካየሁበት እስከዛ ድረስ አስር ደቂቃ አይሞላም። አንዱ ጓደኛዬ አንድ እግር ጫማው ቀረችና ያን ሁሉ አቀበት በአንድ ጫማ፣ ሌላኛው እግሩን ነጠላ ጠቅልሎ ነው የወጣው፣ እስካሁን ሰርግ ላይ ይነሳበታል።

ስለዚ ሰዓታችሁን በዚህ አስሉት። ደጋው ላይ ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ሚመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ከአፋፉ ሊነጋጋ ሲል፣ 12 ሰዓት ላይ ተነሱ። ጠባቡን ቦታ እስከ 5 ሰዓት ጨርሳችሁ ውጡ፣ ምሳ እዛ ውስጥ አይበላም፣ ፎቶው ምንም ያህል ቢያምር። ከዛ ከውሃው በደንብ ከፍ ያለ ሾላ ወይ ዋርካ ስር ጋደም በሉ፣ ሙቀቱ ይለፍ፣ 8 ሰዓት ተኩል ላይ መውጣት ጀምሩ። መውረጃው አንድ ሰዓት ተኩል ከፈጀባችሁ መውጫው ሶስት ይፈጃል ብላችሁ ያዙ፣ ሳይጨልም አፋፍ ናችሁ። ውሃው ቀለሙን ከቀየረ፣ ገለባ ካመጣ፣ ወይ ድምጹ ከተለወጠ እቃ አትሰብስቡ። ወደ ታች ደሞ አትሩጡ፣ ውሃውን አትቀድሙትም፣ ወደ ጎን ወደ ላይ ነው። ማዶ ሆናችሁ ከሞላባችሁ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ፣ እንደመጣ ይሄዳል፣ በጥቂት ሰዓት ይጎድላል። ጉልበት ሚያህል ነው ብሎ ሚገባ ሰው ነው ሚሄደው፣ እያሳሳቀ ይወስዳል ውሃ።

መሪ እንያዝ ወይ ላልከኝ፣ ጥያቄህ ውስጥ የለም ግን ልትጠይቀኝ ነበር፣ አዎ ያዙ። የሰፈሩን ሰው። መልካው የት እንደሆነ፣ የቱ ጋ ገደሉ እንደሚያስወጣ እሱ ነው ሚያውቀው። የመንገዱንና የሰላሙን ሁኔታም ከመነሳታችሁ በፊት እዛው ያለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ፣ አይሆንም ካለ አይሆንም ነው፣ በረሃው የትም አይሄድም።

ጥያቄ፦ ልጄ እንደምን ነህ። እኔ ባህር ዳር ነኝ። ሴት ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ጓደኞቿ ጋር በረሃ ልወርድ ነው ብላ ተነስታለች። እኛ በረሃ ምናውቀው በንዳድ ነው። አትሂጂ ልበላት ወይ ምን ልቋጥርላት?

መልስ፦ እትዬ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አትሂጂ አይበሏት፣ ሳትነግርዎት ትሄዳለች፣ እሱ ይብሳል። የወባ ትንኝ በአብዛኛው ከምሽት እስከ ንጋት ነው ምትነክሰው፣ እንግዲህ ሳይመሽ ከወጣች ስጋቱ ይቀንሳል፣ እዛ እንዳታድር ብቻ ያስምሏት። ህዳር ግን የወባ ወር ነው፣ እሱን አልክድዎትም። ስለዚህ ከተመለሰች በኋላ ሳምንትም ይሁን ወራት ቆይቶ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት ካላት ጉንፋን ነው ብለው ዳማ ከሴ እንዳይሰጧት፣ ጤና ጣቢያ ሄዳ ደሟን ትመርመርና በረሃ ወርጄ ነበር ብላ ትንገራቸው።

ስንቁን በተመለከተ እርስዎን ማስተማር ድፍረት ነው። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ያው የጎጃም ስንቅ ለመንገድ የተሰራ ነው፣ አይበላሽም፣ አይከብድም። ወጥ አይቋጥሩላት፣ በዛ ሙቀት እስከ ምሳ ይሻግታል። ጨው ያለው ነገር ይኑር፣ ላብ ጨው ይወስዳልና። ሁለት ፓኬት ኦአርኤስ ከፋርማሲ ይግዙላት፣ ካጡ በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው፣ ጨው እንዳይበዛ። ደሞ ነጠላ። ኮፍያ አለኝ ትልዎታለች፣ ኮፍያ ማጅራት አይሸፍንም፣ ነጠላ ውሃ ነክራ አናቷ ላይ ጣል ካደረገች ከየትኛውም ኮፍያ ይበልጣል። ከጓደኞቿ አንዱ ላቡ ቆመም አልቆመም ሰውነቱ ከጋለና ወሬው ከተዘበራረቀ እሱ ድካም አይደለም፣ ጥላ ስር አስተኝተው ውሃ እያፈሰሱ ማራገብ፣ ባስቸኳይም ሃኪም ቤት ማድረስ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ከአዲስ አበባ ነው። የጅረቱ ውሃ ይጠጣል ወይ? ፎቶ ላይ ሳየው እንደ መስታወት ነው። ዋናስ?

መልስ፦ መስታወት የመሰለ ውሃም ከላይ ከብት ጠጥቶበታል፣ ልብስ ታጥቦበታል። አፍሉት ወይ ውሃ አጋር፣ ያን የውሃ ማከሚያ ክሎሪን፣ ጨምሩበትና ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ጎንበስ ብሎ በአፍ መጠጣት ደሞ ሌላ ጣጣ አለው፣ አልቅት። እኔ ልጅ ሆኜ አንዱ ጉሮሮዬ ላይ ተጣብቆ ሁለት ቀን ደም ስተፋ እናቴ ልታብድ ነበር፣ ክር ሚያህል ቀጭን ሆኖ ገብቶ ጠግቦ ነው ሚወፍረው። በጨርቅ አጥልሉ፣ በኩባያ ጠጡ።

ዋና ላይ፣ የቆመና ቀስ የሚል ውሃ፣ ዳሩ ላይ ቀንድ አውጣ ያለበት፣ ቢልሃርዚያ ሊኖረው ይችላል፣ ተዉት። ድንጋይ ላይ እየዘለለ ሚሮጠው ይሻላል። ለመራመዱ ደሞ ያንን ውድ ስኒከር አታበላሹት፣ ውሃ ከገባበት እርጥብ ሆኖ እግር ይልጣል። የገበሬውን ኮንጎ ጫማ ወይ በረባሶ አድርጉ፣ ከድንጋይ ያድናል፣ ውሃው በገባበት ይወጣል። በረባሶዬን እያየ የሳቀብኝ የከተማ ሰው ስንት ነው፣ መውጫው ላይ ግን ተረከዙ ላይ ፕላስተር ምለጥፍለት እኔ ነኝ።

ጥያቄ፦ አዞ አለ ሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አባይ ውስጥ አዎ። ጅረቱ አባይን ሚቀላቀልበት አካባቢ እግር መንከርም ይቅርባችሁ።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት ወርጄ ነጭ ድንጋይ ላይ የቀንድ አውጣ ዛጎል የመሰለ ተቀርጾ አየሁ። ሰው የቀረጸው ነው? ጎጃም መሃል ዛጎል ከየት ይመጣል?

መልስ፦ የባህር ነው። ያ ነጩ የኖራ ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነው የባህር ወለል ነው፣ አገሩን ባህር ሸፍኖት በነበረ ጊዜ ዛጎሉም ጭቃውም ተከማችቶ ድንጋይ ሆነ። አፋፉ ላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ደሞ 30 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ በፊት እሳተ ጎመራ ያፈሰሰው ነው፣ በላዩ ላይ መጥቶ ደፈነው። ከዛ መሬቱ ከፍ አለ፣ አባይ ቆረጠው፣ አንተ መጥተህ ዛጎሉን አየህ። ጣትህን ብታስኬድበት ጥርስ ጥርሱ ሁሉ ይሰማል፣ እኔ ሁሌ እነካዋለሁ። ቆፍረህ ግን እንዳትወስደው፣ በህግም ቅርስ ነው፣ ቤትህ መደርደሪያ ላይ ደሞ ተራ ድንጋይ ነው ሚመስለው።

ጥያቄ፦ እዛ ለሚገኙት ልጆች ምን ይዘን እንሂድ? ከረሜላ ይሻላል ብር?

መልስ፦ ከረሜላ አይሆንም፣ ወረቀቱም ይጣላል ጥርሱም ያልቃል። መሪ ከሆነ ዋጋውን ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙና ሳትከራከሩ ክፈሉ። ደብተርና እስክሪብቶ ከሆነ ሃሳባችሁ መንገድ ላይ አትበትኑ፣ ለትምህርት ቤቱ ስጡ።

እኛ ያን ቀን እጃችን እየተንቀጠቀጠ ኪሳችንን አራግፈን ለዛ ለእረኛው ልጅ ያለንን ብር ዘረጋንለት። አየውና፣ "ሃይላንዱን ስጡኝ" አለ። ግማሽ ውሃ ነበረው፣ የቀረን እሱ ብቻ ነው፣ አቀበቱ ገና ከፊታችን ነው፣ እርስ በርስ ተያየን። ሰጠነው። ከፍቶ ውሃውን በየተራ እኛን አጠጣን፣ የባዶውን ሃይላንድ አንገት በገመድ አስሮ ወገቡ ላይ አንጠለጠለና ፍየሎቹን ሊቆጥር ሄደ።